ብድር ከእጅ ማምለጥ ሲጀምር በምን ይታወቃል? (ለደሞዝተኛ)

መስሪያ ቤታችን ውስጥ ባለው የቁጠባና ብድር ማህበር የብድር ኮሚቴ ላይ ነው የምሰራው፣ እና ሰው ብድር ሲጠይቅ የሚሞላው ፎርም ላይ "ሌላ ዕዳ አለብዎት ወይ?" የምትል ጥያቄ አለች። አብዛኛው ሰው "የለም" ብሎ ነው የሚሞላት። እየዋሸ አይደለም፣ የእውነት የለብኝም ብሎ ነው የሚያስበው። ባንክ ያልሰጠን ብር ብድር አይመስለንማ። ዕቁቡን ቀድሞ የበላ ሰው ዕዳ አለብኝ አይልም፣ ሱቅ ደብተር ላይ ያለችው "የወሩ አስቤዛ" ናት፣ ከስልክ ላይ የተወሰደችው "እሷማ ትንሽ ናት"፣ ውጭ ያለች እህት ልካ "ስታገኝ ትመልሳለህ" ያለችው ደግሞ ጭራሽ አትቆጠርም። እንደዛ እንደዛ እያለ ሰውዬው ደሞዙ በገባ በአራተኛው ቀን ባዶ ኪሱን ይቀራል፣ ሲጠየቅ ግን ዕዳ የለበትም።

ስለዚ ከምልክቶቹ በፊት አንድ ስራ አለ፣ እሱ ካልተሰራ ሌላው ዋጋ የለውም። ወረቀት ወይ ስልካችሁ ላይ ያለችውን ኖት አውጡና የማንንም ገንዘብ ሳትለዩ ሁሉንም ጻፉ፣ ከማን ነው፣ ስንት ቀረ፣ በወር ስንት እከፍላለሁ፣ መቼ ያልቃል፣ እና ባልከፍል ማን ነው የሚጎዳው። ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ሰው የማይጽፋት ናት ግን በኋላ በጣም ታስፈልጋለች።

የት የት እንደምትፈልጉ ልንገራችሁ። ፔሮል ላይ ከሚቆረጠው ጀምሩ፣ እሱ ሳታዩት ስለሚሄድ ይረሳል። ከዛ ስልካችሁን ክፈቱ፣ የስልክ ብድሮቹን እዩ፣ ቴሌብር መላ፣ እንደኪሴ (ይሄኛው ስትከፍሉ የጎደለባችሁን ሞልቶ የሚከፍልላችሁ ነው፣ ስለዚ መበደራችሁ ራሱ አይታወቃችሁም)፣ ሚቹ፣ "ዱቤ አለ" በሚባለው የዱቤ መግዣ አገልግሎት የገዛችሁት ፍሪጅ ወይ ሶፋ ካለ እሱ፣ የካርድ ብድር ሳይቀር። ከዛ ሱቅ ሄዳችሁ ባለሱቁን ደብተሩን አስደምሩት፣ በግምት አይሆንም፣ ሁሌም ከግምታችሁ ይበልጣል። ከዛ ጓደኛ፣ የስራ ባልደረባ፣ ወንድም፣ አክስት። ልብስ በሁለት ሶስት ጊዜ ክፍያ የምታመጣላችሁ የቢሮ ልጅ ካለች እሷም። የኮንዶሚኒየም ክፍያ ውዝፍ ካለ እሱም። ያስያዛችሁት ወርቅ ካለ እሱም። ዋስ የሆናችሁለትን ሰው ደግሞ ለብቻው ከታች ጻፉት፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ዕቁብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ክርክር የሚነሳው እዛ ላይ ነውና። ዕቁብ ሳይወጣላችሁ ቁጠባ ነው፣ ከወጣላችሁ በኋላ ግን ብድር ነው፣ አለቀ። 20 ሰው በወር 3,000 የሚጥልበት ዕቁብ ውስጥ ናችሁ እንበል፣ ድምሩ 60,000 ነው። በሁለተኛው ወር ቢወጣላችሁ የከፈላችሁት 6,000 ብቻ ነው፣ ቀሪው 54,000 የሌሎች ሰዎች ብር ነው፣ ለቀጣይ 18 ወር 3,000 3,000 እየጣላችሁ ትመልሳላችሁ። ወለድ የለውም፣ ጥሩ ብድር ነው፣ እኔ ዕቁብን አልቃወምም እንደውም ካሉን ብድሮች ሁሉ ንጹሁ እሱ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ 54,000 ተብሎ ይጻፍ። ዕጣ ሽያጭ የገዛ ሰው ደግሞ፣ ማለቴ የወጣለትን ሰው "ይሄን ያህል ቀንሼልህ ለኔ ስጠኝ" ብሎ የወሰደ፣ የቀነሰለት ብር ወለድ መሆኑን አይርሳ።

አሁን ደምሩ። በወር የምትከፍሉትን ጠቅላላ ከደሞዛችሁ ጋር አስተያዩ። ምሳሌ፣ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ 15,000 የሚደርሳት ሰው አለች እንበል፣ ለማህበር 2,500 ይቆረጥባታል፣ ዕቁብ 3,000፣ ለሱቅ የበፊት 1,500፣ ለስልክ ብድር 1,060፣ ለጓደኛ 1,000። ድምር 9,060። የሚቀራት 5,940 ነው፣ በዚች ብር የቤት ኪራይ ከፍላ፣ በልታ፣ ታክሲ ተሳፍራ ወር ልትጨርስ። አትጨርስም። በ15ኛው ቀን ሱቅ ትሄዳለች፣ ደብተሩ እንደገና ይከፈታል። ልብ በሉ አንዱም ዕዳዋ ለብቻው ሲታይ ትልቅ አይደለም፣ ከሷ ጋር ቁጭ ብሎ ያልደመረ ሰው ችግሩን አያየውም፣ እሷም ራሷ "ኑሮ ተወደደ" ብላ ነው የምታልፈው (ተወዷል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)።

ስንት ሲሆን ነው የሚበዛው ለሚለው እኔ የምጠቀመው መስመር አንድ ሶስተኛ ነው። ከሜዳ አላመጣሁትም፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ራሱ ከሰራተኛ ደሞዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላ ከወር ደሞዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁ የሚናገረው አሰሪው ስለሚቆርጠው ነው፣ ሱቅና ዕቁብን አያውቅም፣ እናንተ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ በዛ ለኩት። ከሲሶ በታች ከሆነና በሰዓቱ እየከፈላችሁ ከሆነ ተረጋጉ። ከግማሽ ካለፈ ምልክቶቹን ለማንበብ ራሱ አትድከሙ፣ ችግር ውስጥ ናችሁ፣ ወደ ታች ውረዱና ምን ይደረግ የሚለውን አንብቡ።

መሃል ላይ ላላችሁት ግን ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ዋነኛው አዲስ ብድር የድሮውን መክፈል ሲጀምር ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው። የስልክ ብድር ላይ በደንብ ይታያል፣ ቀኑ ሲደርስ ከፍሎ እዛው ደቂቃ ላይ መልሶ የሚወስድ ሰው አለ፣ ከፈልኩ ይላል ግን አልከፈለም፣ ብሩ ከርሞ ነው ያለው። 1,000 ወስዳችሁ በወሩ 1,060 መለሳችሁ እንበል (ክፍያው እንደየአገልግሎቱ ይለያያል፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብቡት)። 60 ብር ምን አላት፣ ማኪያቶ ናት። ግን አመቱን ሙሉ እያዞራችሁት ከሆነ 720 ብር ከፍላችሁ ያቺ 1,000 አሁንም አለባችሁ። በመቶ 72 ማለት ነው በአመት፣ ባንክ እንደዚህ ቢላችሁ ቼ ብላችሁ ትወጡ ነበር። እና ደግሞ "ሊሚቴ ጨመረልኝ" ብሎ ደስ የሚለው ሰው አለ፣ ሲስተሙ የጨመረላችሁ በሰዓቱ ስለምትመልሱ ነው እንጂ ደሞዝ አላደገም።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ ምልክት አለ፣ የመጀመሪያውን ዕቁብ ለመጣል ሁለተኛ ዕቁብ መግባት፣ ከዛ ዳኛውን "እባክህ የመጀመሪያውን ዕጣ ለኔ" ብሎ መለመን። ለምኖ አንደኛ የሚወስድ ሰው ሰርግ ወይ ህክምና ካለበት ምንም አይደል፣ ሁሉም ይረዳዋል። ምክንያቱን መናገር የማይፈልግ ከሆነ ግን እሱ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ለምን እንደተበደራችሁ ነው። ለልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለሆስፒታል፣ ለጣሪያ፣ እነዚህ መጥተው ይሄዳሉ። ለሽንኩርት፣ ለታክሲ፣ ለካርድ ከተበደራችሁ ግን እነሱ በሚቀጥለውም ወር አሉ። እዚህ ላይ ግን ሰው ራሱን ቶሎ እንዳይኮንን፣ መስከረም ላይ የማይበደር ደሞዝተኛ ብዙ የለም፣ እንቁጣጣሽ፣ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ መስቀል፣ ሁሉም በአንድ ደሞዝ። ስለዚ የመስከረም ዕዳ ለብቻው ምልክት አይደለም። እኔ የምለው ህዳር ላይ እዩት ነው። ህዳር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ትልቅ በዓል የለበትም፣ ጾምም ስለሚገባ ለሚጾመው አስቤዛው ይቀላል። ህዳር ላይ የመስከረሙ ዕዳ ቢያንስ ግማሹ ካልወረደ የገና በዓል ይመጣል፣ ከላዩ ላይ ይደረባል፣ ከዛ ፋሲካ። ሙስሊም ከሆናችሁ ከረመዳንና ከኢዱ ሁለት ወር በኋላ ያለውን እዩ፣ ያው ነው። ከበዓል እስከ በዓል ዜሮ ሳይነካ የሚሻገር ዕዳ መውረዱን አቁሟል ማለት ነው።

ሶስተኛው መደበቅ ነው። ይሄ ከቁጥሩ ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ ሰው ዕዳው በዛብኝ ብሎ ከማመኑ በፊት እግሩ ያውቃል። በሱቁ በር ላለማለፍ በጓሮ መንገድ መሄድ፣ ያልታወቀ ቁጥር ሲደወል ማጥፋት፣ ያበደራችሁ የስራ ባልደረባ ካፌ ውስጥ ካለ ምሳ መዝለል፣ "ስልኬ ዝግ ነበር"። ለአንድ ሰው የሚነገር ምክንያት ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ ማስታወስ ከጀመራችሁ ደግሞ በቃ። የዕድር ወርሃዊ መቅረት ከጀመረ ለኔ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ዕድር ከወጪዎቻችሁ ሁሉ ትንሹ ነው፣ እሱን ያስቀረው ብር ማጣት ሳይሆን ሰው ፊት መቅረብ መፍራት ነው።

የትዳር ጓደኛን መደበቅ ደግሞ ለብቻው ይታይ። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ (213/1992) አንቀጽ 68 ላይ ባልና ሚስት ከ500 ብር በላይ ለመበደርም፣ ለማበደርም፣ ለዛ ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆንም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር! ዛሬ አንድ ኪሎ ስጋ የማትገዛ ብር፣ ግን ህጉ እንደዛው አለ። እኔ በየ500 ብሩ ፈርሙ አልልም፣ ግን የቤታችሁ ሰው የማያውቀው ብድር ሁለተኛ ከሆነ ወረቀቱን ዛሬ ማታ ለሱ ወይ ለሷ አሳዩ። ከኮሚቴው ጎን ሆኜ የማየው፣ ሁለቱ አብረው የመጡባቸው ብድሮች ይከፈላሉ፣ አንዱ "እባካችሁ ቤት እንዳትደውሉ" ብሎ የወሰደው ነው የሚንጠለጠለው።

አጠር አድርጌ ሌሎቹን ልለፍ፣ ወርቅ ወይ ቲቪ ሸጦ ወይ አስይዞ ወር መድፈን፣ ዋሶቻችሁ ከእናንተ በፊት መደወል መጀመራቸው፣ ጠቅላላ ስንት እንዳለባችሁ ስትጠየቁ ቁጥር መጥራት አለመቻል፣ እና ስፖርት ውርርድ። ይሄ የመጨረሻው ወጣቶቹ ጋር እየበዛ ነው፣ በተበደረው ብር አንድ ቲኬት "ቆርጦ" ዕዳውን ሊዘጋ የሚያስብ ልጅ ብድር ሳይሆን ሌላ ችግር ነው ያለበት፣ ለሱ ብድር መስጠት ራሱ መግፋት ነው።

በተቃራኒው ችግር ያልሆነውንም ልናገር፣ ትልቅ ቁጥር ብቻውን ችግር አይደለም። 600 ሺ የኮንዶሚኒየም ዕዳ ያለበት ሰው በየወሩ እየከፈለ ሰላሙን ይተኛል፣ 28 ሺ ከሰባት ቦታ ያለበት ሰው ግን ሌሊት ጣሪያ ሲቆጥር ያድራል።

አራጣ ጋር ከደረሳችሁ ግን መለካቱን ተዉት፣ እሱ በራሱ የመጨረሻው ምልክት ነው። ሂሳቡን እዩት። 50,000 በወር በመቶ አስር ወሰዳችሁ፣ በየወሩ 5,000 ትከፍላላችሁ፣ ይሄ ወለድ ብቻ ነው። በአመቱ 60,000 ከፍላችሁ 50,000ው አሁንም ቁጭ ብሏል። አሁን ህጉን እዩ፣ የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 2479 በሰዎች መካከል በሚደረግ ብድር ወለድ በአመት ከመቶ 12 መብለጥ አይችልም ይላል፣ ያም በጽሁፍ መሆን አለበት (ባንክና ማይክሮፋይናንስ በራሳቸው ህግ ነው የሚሄዱት፣ ከነሱ ጋር አታምታቱት)። በዛ መስመር ለ50,000 የአመት ወለዱ ቢበዛ 6,000 ነው፣ አራጣው ግን ይቺኑ በአምስት ሳምንት ይበላታል። ደግሞ ወንጀል ነው፣ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 712 የሰው ችግር ተጠቅሞ እንደዚህ ማበደርን ይቀጣል።

ታዲያ ለምን አይያዙም ትሉ ይሆናል፣ ወረቀቱ ላይ ወለድ ስለማይጻፍ ነው። 50,000 ሰጥቶ "80,000 ተበድሬያለሁ" ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋል። ወይ የመኪና ሽያጭ ውል ያስፈርማል፣ ብድር የሚባል ቃል የሌለበት። ወይ ቼክ ይቀበላል፣ ቁጥሩ ያልተሞላ ፊርማ ብቻ ያለበት። ቼኩ ላይ ቆም በሉ። "ለዋስትና ብቻ ነው፣ አላስገባውም" ይባላል፣ ቼክ ግን ባንክ በቀረበ ቀን የሚከፈል ነገር ነው፣ በቂ ስንቅ (ሂሳቡ ላይ ያለ ብር) ከሌለው የወንጀል ህጉ አንቀጽ 693 ይመጣል፣ እስር አለው። ማለትም ተራ ዕዳ የነበረው ነገር ፖሊስ ጣቢያ የሚያስኬድ ጉዳይ ሆነ። ምንም ያህል ብትቸገሩ ባዶ ቼክ ላይ አትፈርሙ፣ ያልተቀበላችሁት ብር የተጻፈበት ወረቀት ላይም አትፈርሙ። ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ያላችሁን ነገር ሰብስቡ፣ ብር ያስገባችሁበትን የባንክ ማስረጃ፣ የቴሌግራም መልዕክቱን ስክሪንሾት፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው፣ እና ጠበቃ ጋር ሂዱ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች የህግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነጻ የህግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ እዛ ጠይቁ።

ዋስነት፣ ከላይ እመለሳለሁ ያልኩት። የሰው ብድር ላይ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ዋስትና ከፈረማችሁ አበዳሪው ተበዳሪውን መጀመሪያ መፈለግ አይጠበቅበትም፣ ቀጥታ እናንተ ጋር መምጣት ይችላል። የስራ ባልደረባ ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል አውቃለሁ፣ ይሉኝታችን ዋጋ ያስከፍላል። ለራሳችሁ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ይሄ ሰው ነገ ስራ ለቆ ዱባይ ቢሄድ ይሄን ብር እኔ ልከፍል እችላለሁ ወይ? አልችልም ከሆነ አትፈርሙ። ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ብድሩ እየተከፈለ እንደሆነ በየጊዜው ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፣ የምትሰሙት ከደሞዛችሁ ሲቆረጥ መሆን የለበትም።

እሺ፣ ምልክቱ ካለ ምን ይደረግ።

መጀመሪያ የሚወስደውን እጅ ማቆም። ስልክ ላይ ያለውን ከፍላችሁ መልሳችሁ አትውሰዱ፣ የመጀመሪያው ወር ያማል፣ 1,000 ብር ትጎድላለች፣ ያቺን ወር ቅርጫ ሳትገቡ፣ ልብስ ሳትገዙ እለፏት። ሱቅ ደብተሩን ዝጉና ባለሱቁን "የበፊቱን በወር ይሄን ያህል እከፍልሃለሁ፣ አዲስ በእጅ በእጅ ነው" በሉት። ደስ ይለዋል፣ አይከፋውም፣ እሱም አምጪው ጋር ዱቤ አለበት።

ከዛ ማንን እንደምታስቀድሙ በዛች "ባልከፍል ማን ይጎዳል" በምትለው መስመር ወስኑ። ብዙ ሰው የሚከፍለው በጣም ለሚጮኸው ነው፣ የሚጮኸው ግን ሁሌ በጣም የሚጎዳው አይደለም። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት አራጣና ቼክ ያለበትን እዘጋለሁ፣ ከዛ ዋስ ያስገባሁበትን፣ ምክንያቱም እሱን ባልከፍል የማይመለከተው ሰው ደሞዝ ነው የሚቆረጠው። ቀጥሎ ቤት የተያዘበትን የባንክ ብድር። ባንክ ላይ ቀልድ የለም፣ 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፣ ብሄራዊ ባንክ ባለው የብድር መረጃ ስርዓት ሌላ ባንክ ስትሄዱም ይታያል፣ እና በአዋጅ 97/1990 መሰረት ባንክ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚ እንደማትችሉ ካወቃችሁ ሁለተኛው ወር ሳያልፍ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ በጽሁፍ ጠይቁ፣ ከ90 ቀን በፊት የሄደ ሰውና ከዛ በኋላ የሄደ ሰው አንድ አይነት መልስ አያገኝም። ዕድር በፍጹም አይቋረጥ። ቤተሰብ መጨረሻ ላይ ነው፣ ግን ዝም ተብሎ መጨረሻ አይደለም፣ ተነግሮት።

መንገር የሚለው ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው። ቀኑ ከማለፉ በፊት ደውሉ፣ ካለፈ በኋላ ሳይሆን። እና ረጅም ታሪክ አታውሩ፣ የታመመች አክስት አትፍጠሩ። "ጋሼ፣ በ30 እሰጥሃለሁ ያልኩህን 5,000 ሙሉውን አልችልም። በዚህ ወር 1,500፣ ከዛ በየወሩ 1,000 እሰጥሃለሁ፣ እስከ የካቲት እጨርሳለሁ" በቃ። የምትሉት ቁጥር ከወረቀቱ ላይ የመጣ ይሁን፣ ለማስደሰት ከፍ ያለ ቁጥር ተናግራችሁ ሁለተኛ ብታፈርሱ ሶስተኛ የሚያምናችሁ የለም። ሰውየው ከተቆጣ ሽማግሌ ላኩ፣ ለጋብቻ ብቻ አይደለም ሽማግሌ፣ ለዕዳም ይሰራል፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው ቢሆንም ይበቃል።

የቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ትንንሹን አንድ ላይ ለመዝጋት ጠይቁ፣ እኛ ጋር ሰው "ለቤት ዕቃ" ብሎ ጽፎ ዕዳ ሊከፍልበት ይወስዳል፣ እውነቱን ቢነግረን የተሻለ ጊዜ እንሰጠው ነበር። አንድ ሁኔታ ላይ ግን አታድርጉት፣ የወሰዳችሁት ብር ስልኩንና ሱቁን ዘግቶ ሱቁ በሚቀጥለው ወር እንደገና የሚከፈት ከሆነ። ያኔ ሁለት ዕዳ ነው የሚኖራችሁ።

ነጻ የሚያወጣን ህግ የለም ወይ ለምትሉ፣ ውጭ አገር እንደሚሰማው ደሞዝተኛ ሰው "ከሰርኩ" ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚገላገልበት መንገድ እኛ ጋር የለም፣ የንግድ ህጉ ላይ ያለው ኪሳራ ለነጋዴ ነው። ስለዚ መደራደር ነው ያለው። ስልክ ቀይሮ መጥፋት የሚመስለው መፍትሄ ደግሞ ዋሶቹ ላይ ነው የሚያርፈው።

እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ባልኖርኩ የሚል ሃሳብ ከመጣባችሁ ወረቀቱን ነገ ትደምሩታላችሁ፣ ዛሬ አንድ ሰው አጠገብ ሁኑና ንገሩት፣ ጤና ጣቢያም ሂዱ። የምሬን ነው።

እና መክፈል ከጀመራችሁ በኋላ ወረቀቱን በየደሞዙ ቀን አዘምኑት። ለማንኛውም ሰው ስትከፍሉ በባንክ ወይ በቴሌብር ክፈሉ፣ ምክንያት የሚለው ላይ "የብድር ክፍያ" ብላችሁ ጻፉ፣ በእጅ ከሆነ አስፈርሙ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ብቻ አይረጋገጥም፣ ወይ ጽሁፍ ወይ ራሱ ሰውየው ፍርድ ቤት ማመን ወይ መማል አለበት፣ ክፍያውንም በቃል አትተዉት። የመጨረሻዋን ስትከፍሉ የፈረማችሁበትን ወረቀት ኦሪጅናሉን ተቀበሉና ቅደዱት፣ ቼክ ከነበረ ቼኩን በእጃችሁ ሳትይዙ የመጨረሻውን ብር አትስጡ። ባንክ ከሆነ ክሊራንስ ደብዳቤ (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ) ጠይቁ፣ ቤት ወይ መኪና ተይዞ ከነበረ ደብዳቤውን ይዛችሁ ዕገዳው የተመዘገበበት መስሪያ ቤት ራሳችሁ ሂዱና አስነሱ፣ ባንኩ ይልካል ብላችሁ አትቀመጡ፣ ለመሸጥ የምትሄዱ ቀን ነው ዕገዳው እንዳልተነሳ የምታውቁት።